በወህኒ ቤት ግቢ የቆመ ችሎት

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 22 ቀን 1995 ጆሃንስበርግ ከተማ፣ ብራምፎንቴን ሰፈር፣ በኪራይ ቢሮ ውስጥ ይሠራ የነበረ አንድ አዲስ ፍርድ ቤት በፕሬዚዳንት ኔልሰን ማንዴላ ላይ ፈረደ። ፍርድ ቤቱ ሥራ ከጀመረ ገና ሰባት ወሩ ነበር። ከሳሹ የዌስተርን ኬፕ ክፍለ ግዛት መንግሥት ነው። ክፍለ ግዛቱን በዚያ ወቅት ይመራ የነበረው ደግሞ አፓርታይድን በሕግ ያቋቋመውና ማንዴላን ሃያ ሰባት ዓመት በእስር ያቆየው ናሽናል ፓርቲ ነበር።

ነገሩ ላይ ላዩን ሲታይ ደረቅ የአሠራር ክርክር ይመስላል። ፓርላማው ስለ አካባቢ ምርጫ ባወጣው ሕግ ውስጥ ፕሬዚዳንቱ ሕጉን በራሳቸው ፊርማ በሚያወጡት ድንጋጌ እንዲያሻሽሉ ሥልጣን ሰጥቷቸዋል። ማንዴላም በዚህ ሥልጣን ሁለት ድንጋጌዎች አወጡ። ፍርድ ቤቱ በአብላጫ ድምፅ፣ ሕግ ማውጣት የፓርላማው ሥራ ነው፤ ፓርላማው ይህን ሥራውን አንሥቶ ለፕሬዚዳንቱ ሊያስረክብ አይችልም አለ። ድንጋጌዎቹ ወደቁ። ምርጫው ሊካሄድ የቀሩት ሳምንታት ብቻ ስለነበሩ ለፓርላማው ስሕተቱን የሚያርምበት አንድ ወር ያህል ተሰጠው። ማንዴላ ሳይውሉ ሳያድሩ ውሳኔውን እንደሚቀበሉ፣ ሕገ መንግሥቱን በማክበር ረገድ ቀዳሚው ሰው መሆን እንደሚገባቸው ለሕዝብ ተናገሩ። ፓርላማው ተጠርቶ ሕጉን አስተካከለ፤ ኖቬምበር 1 ቀንም በአብዛኛው የአገሪቱ ክፍል ምርጫው ተካሄደ።

ማንዴላ ያን ቀን ውሳኔውን ችላ ብለውት ቢሆን ኖሮ ማን ይከሳቸው ነበር? ሕዝቡ የሚወዳቸው፣ የፓርላማው አብላጫ መቀመጫ በእጃቸው ያለ መሪ ናቸው። የከሰሳቸው ወገን በአብዛኛው ሕዝብ ዘንድ የተጠላ ነው። ‘የትናንት አሳሪዎቻችን ዛሬ በፍርድ ቤት ተደብቀው ምርጫችንን ሊያስተጓጉሉ ነው’ ቢሉ አደባባዩን በሙሉ ከጎናቸው ባሰለፉት ነበር። ፍርዱን የጻፉት የፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት አርተር ቻስካልሰን ደግሞ ማንዴላ የዕድሜ ልክ እስራት በተፈረደባቸው በሪቮኒያው ችሎት ለእሳቸውና ለጓዶቻቸው ከተሟገቱት ጠበቆች አንዱ ናቸው፤ የሾሟቸውም ማንዴላ ራሳቸው ናቸው። ፍርድ ቤቱን ሕግ ያቋቋመው ቀደም ብሎ ነው። እኔ ግን ሥር የሰደደው በዚያ ቀን ነው እላለሁ። የተወደደ መሪ በተጠላ ከሳሽ ተረትቶ ‘እሺ’ ሲል ነው ዳኝነት አገር ውስጥ ቦታ የሚያገኘው።

ደቡብ አፍሪካ ከዚያ በፊትም ፍርድ ቤቶች ነበሯት፤ ብርቱ ዳኞችም ነበሯት። ዳኛው በፓርላማ ፊት ቆሞ የሚከራከርበት መሬት ግን ጠባብ ነበር። በ1910 አገሪቱ በኅብረት ስትቋቋም ከእንግሊዝ የወረሰችው ሥርዓት ፓርላማ የበላይ ነው፣ ያወጣውን ሕግ ማንም ዳኛ አይሽረውም የሚል ነው። ከዚህ ነፃ ሆነው የቀሩት ጥቂት አንቀጾች ናቸው። ከእነዚህ አንዱ በኬፕ ክፍለ ግዛት ነጭ ያልሆኑ ዜጎች የነበራቸውን የመምረጥ መብት ይጠብቃል፤ መብቱን ለመንካት ሁለቱ ምክር ቤቶች በአንድ ላይ ተሰብስበው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ መወሰን ነበረባቸው። በ1936 ጥቁሮቹን ከጋራው የመራጮች መዝገብ ለማውጣት ይህ ድምፅ ተገኘ። በ1948 ሥልጣን የያዘው ናሽናል ፓርቲ ደግሞ ‘ከለርድ’ የሚባሉትን፣ ዘራቸው የተቀላቀለውን ዜጎች፣ በተራቸው ሊያወጣ ፈለገ። ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ስላልነበረው በ1951 ሕጉን በተራ አብላጫ አሳለፈ።

በብሉምፎንቴን የሚሰየመው ይግባኝ ሰሚ ችሎት ማርች 1952 ላይ፣ በዋና ዳኛው አልበርት ሴንትሊቭረስ መሪነት፣ ሕጉን በሙሉ ድምፅ ሻረው። መንግሥት መልሱን አላዘገየም። ‘የፓርላማ ከፍተኛ ፍርድ ቤት’ የሚባል አካል የሚያቋቁም ሕግ አወጣ፤ የፓርላማ አባላት ራሳቸው ዳኛ ሆነው ተሰይመው የይግባኝ ሰሚውን ውሳኔ እንዲሽሩ ማለት ነው። ዳኞቹ ይህንንም፣ ፓርላማው ስሙን ለውጦ መጣ እንጂ ፍርድ ቤት አልሆነም ብለው ጣሉት።

ሦስተኛው መንገድ ግን ሠራ። በ1955 እንዲህ ዓይነቱን ሕገ መንግሥታዊ ክርክር የሚያዩት ዳኞች ቁጥር አሥራ አንድ እንዲሆን ተደነገገ፤ አዲሶቹን የሚሾመው መንግሥት ነው። በዚያው ዓመት ሴኔቱ ከ48 ወደ 89 መቀመጫ ሰፋና በመንግሥት ሰዎች ተሞላ። ሁለት ሦስተኛው ድምፅ በዚህ ዘዴ ተገኘ። ጉዳዩ ተመልሶ ችሎት ሲቀርብ ከአሥራ አንዱ ዳኞች አሥሩ አጸደቁት። በሐሳብ የተለዩት ዳኛ ኦሊቨር ሽራይነር ብቻ ነበሩ፤ እሳቸውም በተራቸው ሊያገኙት ይገባ የነበረውን የዋና ዳኛነት ወንበር ሳያገኙ ቀሩ። አንባቢ እዚህ ላይ ቆም ብሎ እንዲያስብ እፈልጋለሁ። አንድም ዳኛ አልተባረረም፤ አንድም ችሎት አልተዘጋም። ወንበር ተጨመረ፣ መቀመጫ ሰፋ፣ ሁሉም ሥነ ሥርዓቱን ጠብቆ በጋዜጣ ታትሞ ወጣ። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል እንደሚባለው፣ ከዚያ በኋላ የአፓርታይድ ሕጎች አንድ በአንድ ሲወጡ የሚያቆማቸው አልተገኘም።

ስለ ዳኝነት ነፃነት ስናወራ ብዙ ጊዜ ዓይናችን የሚያርፈው በታሰረ ወይም በተባረረ ዳኛ ላይ ነው። የ1955ቱ መንገድ ግን ከዚያ ይልቅ ይደጋገማል። ሃንጋሪ በ2011 የሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤቷን ዳኞች ከአሥራ አንድ ወደ አሥራ አምስት ከፍ ስታደርግ ያደረገችው ይህንኑ ነው። ፖላንድ ውስጥ በ2016 መንግሥት የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱን ውሳኔ በይፋዊው ጋዜጣ ላይ አላትምም አለ፤ ፍርዱ ተሰጥቶም እንዳልተሰጠ ሆነ።

ሕግ ከሕገ መንግሥት ጋር መጣጣሙን ለመመርመር ብቻ የሚቋቋም ልዩ ፍርድ ቤት የሚለው ሐሳብ የመጣው ከወደ ኦስትሪያ ነው። አሜሪካኖች ከ1803ቱ የማርበሪ ውሳኔ ጀምሮ ማንኛውም ፍርድ ቤት ከሕገ መንግሥቱ ጋር የሚጋጭ ሕግ ሲገጥመው ሊጥለው እንደሚችል ተቀብለዋል። አውሮፓውያኑ ግን ይህን ያህል ሥልጣን ለመደበኛ ዳኛ መስጠት አልዋጥላቸው አለ። የሕግ ሊቁ ሃንስ ኬልሰን ባረቀቁት የ1920ው የኦስትሪያ ሕገ መንግሥት፣ ሕግን ከሕገ መንግሥት ጋር ብቻ የሚያመሳክር አንድ ፍርድ ቤት ለብቻው ተቋቋመ። ኬልሰንም ዳኛ ሆነው ተቀመጡበት። ብዙ አልቆየም። በ1929 በተደረገ የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ነባሮቹ ዳኞች ተነሡ፣ ኬልሰንም ወጡ፤ በ1933 የቻንስለር ዶልፉስ መንግሥት ፍርድ ቤቱን እንዳይሰየም አደረገው። ጀርመኖች ከሂትለር ጥፋት በኋላ ሐሳቡን አንሥተው በ1951 ከዋና ከተማቸው ራቅ ባለችው ካርልስሩኸ የራሳቸውን ከፈቱ። ዛሬ እዚያ የሚሾም ዳኛ አሥራ ሁለት ዓመት ያገለግላል፤ ዳግም አይሾምም። ዳግም መሾም ከሌለ ዳኛው የሚለማመጠው ሰው አይኖርም። ደቡብ አፍሪካውያን አዲሱን ፍርድ ቤታቸውን ሲነድፉ ብዙውን የወሰዱት ከዚህ ነው።

እዚህ ላይ ታሪኩ በእኛ አገር በኩል ያልፋል። ማንዴላ በ1962 በድብቅ ከአገራቸው ወጥተው አዲስ አበባ መጡ። ኮልፌ በሚገኘው የፖሊስ ማሠልጠኛ በኮሎኔል ታደሰ ብሩ ሥር ወታደራዊ ትምህርት ጀመሩ። ሥልጠናው ስድስት ወር ይፈጅ ዘንድ ታስቦ ነበር፤ ድርጅታቸው ቶሎ እንዲመለሱ ስለጠራቸው በሁለት ወር ገደማ ተቋረጠ። በተመለሱ በጥቂት ጊዜ ውስጥ፣ ኦገስት 5 ቀን፣ ተያዙ። የታሰሩት ጆሃንስበርግ ከተማ ኮረብታ ላይ በሚገኘው፣ ‘ፎርት’ በሚባለው አሮጌ ምሽግ ነው። ከተከሰሱባቸው ነገሮች አንዱ ያለ ፓስፖርት ከአገር መውጣት ነበር። የአዲስ አበባው ጉዞ ወንጀል ሆኖ ተቆጠረባቸው ማለት ነው። ፕሪቶሪያ ፍርድ ቤት ሲቀርቡ የነብር ቆዳ ለብሰው ቀረቡ፤ የመጀመሪያው ጥያቄያቸውም ዳኛው ከችሎቱ እንዲነሡ ነበር። ሕጉን ያወጣው እሳቸው ያልተወከሉበት ፓርላማ ነው፣ ከሳሹ ነጭ፣ ዳኛው ነጭ፣ እንዲህ ባለ ችሎት ፍትሕ አገኛለሁ ብዬ አላምንም አሉ። ጥያቄው ውድቅ ሆነና አምስት ዓመት ተፈረደባቸው። በኋላ የመጣው የዕድሜ ልኩ ነው።

ከሦስት ዐሥርት ዓመታት በኋላ ድርድሩ ሲጀመር ሁለቱም ወገኖች ፍርሃት ነበረባቸው። ናሽናል ፓርቲ አዲሱ አብላጫ እሱ ያደረገውን መልሶ ያደርግብኛል ብሎ ሰጋ። የማንዴላው አፍሪካ ብሔራዊ ኮንግረስ ደግሞ ሕዝብ ያልመረጣቸው ተደራዳሪዎች የጻፉት ሕገ መንግሥት የአገሪቱ የመጨረሻ ሰነድ እንዲሆን አልፈለገም። የተገኘው መላ እንዲህ ነው፦ ለጊዜው የሚያገለግል ሕገ መንግሥት ይኑር፤ በእርሱ ውስጥ 34 መርሆች ይስፈሩ፤ ሕዝብ የመረጠው ጉባኤ ዘላቂውን ሕገ መንግሥት ይጻፍ፤ የተጻፈው ከ34ቱ መርሆች ጋር መጣጣሙን ደግሞ አዲስ የሚቋቋም ፍርድ ቤት መርምሮ ያረጋግጥ። በዓለም ላይ እንዲህ ዓይነት ሥራ ለፍርድ ቤት ሲሰጥ ያየሁት እዚያ ብቻ ነው።

አሥራ አንዱ ዳኞች እንዴት ተመረጡ የሚለው በእኔ ግምት የታሪኩ ዋና ክፍል ነው። ፕሬዚዳንቱ ቻስካልሰንን ሾሙ። አራቱ ቀድሞ ዳኛ ከነበሩት ተወሰዱ። ቀሪዎቹን ስድስት ለመምረጥ ዳኞች፣ የሕግ ባለሙያዎችና ፖለቲከኞች ያሉበት የዳኝነት አገልግሎት ኮሚሽን እጩዎቹን በሕዝብ ፊት ጠየቀና የአሥር ሰዎች ዝርዝር አቀረበ፤ ፕሬዚዳንቱ መምረጥ የሚችሉት ከዝርዝሩ ውስጥ ብቻ ነው። ከተመረጡት መካከል በ1988 ማፑቶ ላይ መኪናቸው ላይ በተጠመደ ቦምብ አንድ ክንዳቸውንና አንድ ዓይናቸውን ያጡት አልቢ ሳክስ ነበሩ። ኢቮን ሞክጎሮና ኬት ኦሬገን የሚባሉ ሁለት ሴቶችም ነበሩ። ፌብሩዋሪ 14 ቀን 1995 ማንዴላ ፍርድ ቤቱን ሲመርቁ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ፍርድ ቤት የቆሙት ይሙት በቃ ይፈረድባቸው እንደሆነ ለመስማት እንደነበር አስታወሱ።

በማግሥቱ የመጀመሪያው ክርክር ተሰማ። የተነሣው ጥያቄም የሞት ቅጣት ነው። በመቶዎች የሚቆጠሩ ፍርደኞች በወህኒ ቤት ይጠባበቁ ነበር፤ አገሪቱ በወንጀል ተጨንቃለች፤ አብዛኛው ሕዝብ ቅጣቱን ይደግፋል ተብሎ ይታመናል። ዳኞቹ ጁን 6 ቀን ቅጣቱን በሙሉ ድምፅ ሻሩት፤ አሥራ አንዱም እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ምክንያት ጽፈዋል። ቻስካልሰን አብላጫው ሕዝብ ቅጣቱን ሊደግፍ እንደሚችል አልሸሸጉም። ጥያቄው በሕዝብ ድምፅ የሚወሰን ቢሆን ኖሮ ፍርድ ቤት ባላስፈለገ፣ ፍርድ ቤት ያስፈለገው አብላጫው የማይራራላቸውን ለመጠበቅ ነው የሚል ነው የውሳኔያቸው አስኳል። ውሳኔውን የማይወድ ሰው ሊኖር ይችላል፤ እኔም ብዙ የአገሬ ሰዎች በዚህ ላይ የተለየ አቋም እንዳላቸው አውቃለሁ። ያን ያህል ከባድ ጥያቄ በመጀመሪያው ቀን ተቀብሎ ምክንያቱን አሥራ አንድ ጊዜ ለሕዝብ ማስረዳት ግን ድፍረት ይጠይቃል።

ከዚያ ሕገ መንግሥቱ ራሱ ቀረበ። ጉባኤው ሜይ 8 ቀን 1996 በደስታ ያጸደቀውን ሰነድ ፍርድ ቤቱ ሴፕቴምበር 6 ቀን መልሶ ላከው። አብዛኛው መልካም ነው፤ ነገር ግን የክፍለ ግዛቶች ሥልጣን ተቀንሷል፣ የመብቶች ምዕራፍ እንዳይለወጥ የሚደረገው ጥበቃ በቂ አይደለም፣ እኛ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ከምንለው ጋር የሚቀራረበው የሕዝብ ጥቅም ጠባቂና የዋና ኦዲተሩ ነፃነት አልተረጋገጠም አለ። ጉባኤው አልተቆጣም። ተመልሶ ተቀመጠ፣ አረመ፣ ኦክቶበር 11 ቀን እንደገና አጸደቀ። ዲሴምበር 4 ቀን ፍርድ ቤቱ አረጋገጠ፤ ዲሴምበር 10 ቀን ማንዴላ ሻርፕቪል ላይ ፈረሙ። ዳኞቹ ያስጨመሩት የሕዝብ ጥቅም ጠባቂው ነፃነት ከሃያ ዓመት በኋላ ምን እንደሠራ ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።

ፍርድ ቤቱ ከዚያ በኋላ የሰጣቸው የ2000ው የመኖሪያ ቤት ፍርድና የ2002ቱ የመድኃኒት ፍርድ በዓለም የሕግ ትምህርት ቤቶች ዛሬም ይነበባሉ። ሁለተኛው፣ ኤች አይ ቪ ከእናት ወደ ልጅ እንዳይተላለፍ የሚረዳውን ኔቪራፒን መንግሥት በጥቂት ጣቢያዎች ብቻ ገድቦ መያዙን ሻረ፤ ውሳኔው የታደገው ገና ያልተወለዱ ሕፃናትን ነው።

ፍርድ ቤቱ ከኪራይ ቢሮው የወጣው በ2004 ነው። ማርች 21 ቀን የተመረቀው አዲሱ ሕንፃ የተሠራው ማንዴላ ከአዲስ አበባ ተመልሰው በታሰሩበት በዚያው ምሽግ ግቢ ውስጥ ነው። ጋንዲም በዚህ ግቢ ታስረው ነበር። ቀጠሮ ጠባቂ እስረኞች ይያዙበት የነበረው ሕንፃ ፈርሶ ጡቡ ለችሎቱ አዳራሽ ግድግዳ ዋለ፤ የደረጃዎቹ ማማዎች ግን አራቱም በቦታቸው ቆመው ቀርተዋል። ከዳኞቹ ወንበር በስተኋላ ረጅምና ጠባብ መስተዋት አለ፤ በእሱ በኩል የመንገደኛው እግር ሲያልፍ ይታያል። መግቢያው አዳራሽ ዘንበል ዘንበል ያሉ ምሰሶዎች አሉት፤ የፍርድ ቤቱ ዓርማም ዛፍና በጥላው የተሰበሰቡ ሰዎች ናቸው። ሽማግሌዎች ዛፍ ሥር ተቀምጠው ነገር የሚሰሙበትን የአፍሪካ ልማድ ለማስታወስ ነው። በዋርካ ጥላ ሥር ሸንጎ ለተቀመጠ ሕዝብ ይህን ማስረዳት አያሻም።

በ2011 ፕሬዚዳንት ጃኮብ ዙማ የዋና ዳኛውን ሳንዲሌ ንጎቦን የሥራ ዘመን ለማራዘም ፈለጉ። ሰውየው የተከበሩ ናቸው፤ ብዙዎችም ቢቆዩ ደስ ይላቸው ነበር። ባልደረቦቻቸው ግን ፕሬዚዳንት ብቻውን የዋና ዳኛን ዘመን ማራዘም ከቻለ፣ የዘመናቸው ማብቂያ የደረሰ ዋና ዳኞች ሁሉ ወደ ቤተ መንግሥት ይመለከታሉ ብለው፣ ሥልጣኑን የሰጠውን የሕግ አንቀጽ ሻሩ። ንጎቦ ከውሳኔው ጥቂት ቀን ቀደም ብለው ራሳቸውን አግልለው ነበር። ፍርድ ቤት የራሱን አለቃ ጥቅም በሚነካ ጉዳይ እንዲህ ሲፈርድ ማየት ብርቅ ነው። ዙማም በምትካቸው ሞጎንግ ሞጎንግን ሾሙ፤ ብዙ የሕግ ሰዎች ይህ ዳኛ ለፕሬዚዳንቱ ያደላል ብለው ተቃወሙ።

‘ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል’ የሚለው አባባል የእኛ ቢሆንም በሽታው የሁሉም አገር ነው። በክዋዙሉ ናታል ክፍለ ግዛት፣ ንካንድላ በሚባል የገጠር ቀበሌ ያለው የፕሬዚዳንት ዙማ የግል መኖሪያ በመንግሥት ወጪ ለደኅንነት ተብሎ ሲታደስ ከ200 ሚሊዮን ራንድ በላይ ወጣበት። ቱሊ ማዶንሴላ፣ በወቅቱ የሕዝብ ጥቅም ጠባቂ መሥሪያ ቤትን ይመሩ የነበሩት ሴት፣ በማርች 2014 ባወጡት ሪፖርት የከብት በረቱ፣ የዶሮ ቤቱ፣ የመዋኛ ገንዳው፣ የእንግዳ መቀበያውና የአደባባይ ትርኢት ማሳያው ከጥበቃ ጋር አይገናኙምና ፕሬዚዳንቱ ተመጣጣኙን ከኪሳቸው ይክፈሉ አሉ። ፕሬዚዳንቱ አልከፈሉም። የፖሊስ ሚኒስትሩ ገንዳው ለእሳት ማጥፊያ የሚሆን ውኃ ማጠራቀሚያ ነው ብለው አስረዱ፤ ፓርላማውም ተቀብሎ መሪውን ነፃ አወጣ።

ተቃዋሚ ፓርቲዎች ጉዳዩን ለሕገ መንግሥታዊው ፍርድ ቤት አቀረቡ። ማርች 31 ቀን 2016 ዋና ዳኛ ሞጎንግ፣ ለፕሬዚዳንቱ ያደላሉ የተባሉት ሰው፣ የሙሉ ድምፁን ውሳኔ በቴሌቪዥን ቀጥታ እየተላለፈ አነበቡ። የሕዝብ ጥቅም ጠባቂው ትእዛዝ አስገዳጅ ነው፤ ፕሬዚዳንቱ ሕገ መንግሥቱን የማክበርና የመጠበቅ ግዴታቸውን አልተወጡም፤ ፓርላማውም መሪውን ተጠያቂ የማድረግ ሥራውን አልሠራም አሉ። በማግሥቱ ዙማ በቴሌቪዥን ቀርበው ይቅርታ ጠየቁ። ግምጃ ቤቱ ያሰላባቸውን 7.8 ሚሊዮን ራንድ ገደማም በዚያው ዓመት ከፈሉ። በ1996 ዳኞቹ ሕገ መንግሥቱን መልሰው ሲልኩ የዚያ መሥሪያ ቤት ነፃነት ይጠንክር ባይሉ ኖሮ በ2016 ማዶንሴላ የሚቆሙበት መሬት አይኖርም ነበር። የተቋም ሥራ ፍሬ የሚሰጠው እንዲህ ከረጅም ጊዜ በኋላ ነው።

ዋጋ ግን አለው። ዙማ ከሥልጣን ሊወርዱ ሳምንታት ሲቀሩ ራሳቸው ያቋቋሙት፣ መንግሥትን ለግል ጥቅም ማዋልን የሚመረምረው ኮሚሽን ሲጠራቸው አንቀርብም አሉ። ፍርድ ቤቱ ቅረቡ አላቸው፤ እምቢ አሉ። ጁን 29 ቀን 2021 ሰባት ለሁለት በሆነ ድምፅ በችሎት መድፈር አሥራ አምስት ወር ተፈረደባቸው። እጃቸውን ከሰጡ በኋላ በክዋዙሉ ናታልና በጋውቴንግ በተነሣው ሁከትና ዘረፋ ከ350 በላይ ሰዎች ሞቱ። ዙማ በሁለት ወር ገደማ በሕክምና ምክንያት ወጡ፤ አፈታቱ ሕገ ወጥ ነበር ተብሎ ቢፈረድም በ2023 በይቅርታ መርሐ ግብር ቀሪው ተነሣላቸው። የዳኞቹ ውሳኔ ተፈጸመ፣ በከፊል ብቻ።

የፍርድ ቤቱ ቤተሰብ ውስጥም ቁስል አለ። በ2008 የዌስተርን ኬፕ ፍርድ ቤቶች ፕሬዚዳንት የነበሩት ጆን ሽሎፌ፣ ዙማን በሚመለከት ጉዳይ ሁለት የሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት ዳኞችን ሊያግባቡ ሞክረዋል ተብለው ተከሰሱ። ፓርላማው ከዳኝነት ያነሣቸው በ2024 ነው፤ አሥራ ስድስት ዓመት ፈጀ። ሰውየው በዚያው ዓመት በዙማ አዲስ ፓርቲ የፓርላማ አባል ሆኑ። ዳኛን በቀላሉ ማንሣት አደጋ መሆኑን እቀበላለሁ፤ አሥራ ስድስት ዓመት ግን ጥበቃ ሳይሆን ቸልታ ነው።

ከደቡብ አፍሪካ ውጭም በአህጉራችን ዳኞች ብዙ ዋጋ ከፍለዋል። ሴፕቴምበር 1 ቀን 2017 በዳኛ ዴቪድ ማራጋ የሚመራው የኬንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የፕሬዚዳንቱን ምርጫ ሻረ፤ በአፍሪካ የመጀመሪያው ነው። በቀጣዩ ወር የምክትል ዋና ዳኛዋ ጠባቂ በጥይት ተመታ፤ በማግሥቱ ሊሰማ የተቀጠረው አቤቱታ ለችሎት የሚበቃ ዳኛ ባለመገኘቱ ሳይሰማ ቀረ። ማላዊ ውስጥ አምስት ዳኞች ፌብሩዋሪ 2020 ላይ የ2019ኙን ምርጫ የሻሩበትን ፍርድ ሊያነቡ የመጡት ጥይት የማያሳልፍ ሰደርያ ለብሰው፣ በወታደር ታጅበው ነው። ጀርመኖች ደግሞ የፖላንድንና የሃንጋሪን ዕጣ አይተው በዲሴምበር 2024 የፍርድ ቤታቸውን የዳኞች ቁጥርና የአሥራ ሁለት ዓመት ዘመን፣ ቀድሞ በተራ ሕግ የነበረውን፣ ወደ ሕገ መንግሥቱ አስገቡት። ከዚህ በኋላ ያለ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ አይነካም።

ወደ አገራችን ስመለስ የሚያስገርመኝ የጊዜው መገጣጠም ነው። የእኛ ሕገ መንግሥት የጸደቀው ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. ነው። የደቡብ አፍሪካው ፍርድ ቤት የተመረቀው በእኛ አቆጣጠር የካቲት 7 ቀን 1987 ዓ.ም. ነው። ሁለት ወር ያህል ብቻ ነው የሚለያቸው። ሁለቱም አገሮች ከረጅም ጭቆናና ጦርነት ወጥተው አንድ ጥያቄ ፊት ቆሙ፤ ሕገ መንግሥቱን ማን ይተርጉም? እነሱ ለዳኞች ሰጡት። እኛ ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ሰጠነው፤ ከአሥራ አንድ አባላት የተዋቀረው የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ደግሞ መርምሮ የውሳኔ ሐሳብ ያቀርባል። የተሰጠው ምክንያት ቀላል የሚባል አይደለም። ሕገ መንግሥቱ የብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቃል ኪዳን ስለሆነ የመተርጎም ሥልጣኑም የእነሱው ይሁን፣ ማንም ያልመረጣቸው ዳኞች አይውሰዱት የሚል ነው። ይህ ስጋት በጆሃንስበርግም ነበር፤ ለዚያ ነው የዳኞቹ ምርጫ በአደባባይ እንዲሆን የተደረገው።

ሥርዓቱ ጥሩ ሥራም ሠርቷል። በ1996 ዓ.ም. ያለ ፈቃዷ ጉዳይዋ በሸሪዓ ፍርድ ቤት የታየባት አንዲት ሴት አቤቱታ ለምክር ቤቱ ቀርቦ፣ የሥር ፍርድ ቤቶች ውሳኔ በእሷ ጥቅም ተሽሯል። ዋናው ፈተና የመጣው ግን በ2012 ዓ.ም. ነው። የኮሮና ወረርሽኝ ምርጫውን ሲያራዝም የሥልጣን ዘመናቸው ሊያበቃ የነበሩ ምክር ቤቶች ምን ይሁኑ ተብሎ ትርጉም ተጠየቀ። አጣሪ ጉባኤው የሕግ ምሁራንን ጠርቶ ክርክሩን በቴሌቪዥን ለሕዝብ አሳየ፤ ይህን በደስታ አስታውሰዋለሁ። ሰኔ 3 ቀን ግን የፌዴሬሽን ምክር ቤቱ ዘመኑ እንዲራዘም ሲወስን፣ ከተራዘመላቸው ምክር ቤቶች አንዱ ራሱ ነበር። የውሳኔው ይዘት ትክክል ነው አይደለም የሚለውን ለሌላ ጊዜ ልተወው። ማንም በራሱ ጉዳይ ዳኛ አይሆንም የሚለውን ግን ‘በሕግ አምላክ’ ሲባል ወራጅ ውኃ ይቆማል ብሎ ያደገ ሕዝብ ያውቀዋል። የደቡብ አፍሪካ ዳኞች እ.ኤ.አ. በ1952 ‘የፓርላማ ከፍተኛ ፍርድ ቤት’ የተባለውን የጣሉበት ምክንያትም ከዚህ ብዙ አይርቅም።

አቋሜን ልናገር። ኢትዮጵያ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ያስፈልጋታል። ዳኞቹ በአደባባይ የሚጠየቁበት፣ ዘመናቸው አንድ ጊዜና የተቆረጠ የሆነበት፣ ቁጥራቸው በተራ ሕግ የማይነካ፣ አገሪቱ በብዝኃነቷ ወንበሩ ላይ የምትታይበት። ብሔሮችና ብሔረሰቦች በዳኞቹ አመራረጥ ድምፅ ይኑራቸው፤ ፍርዱን ግን ለዳኛ ይተዉ። ጥያቄው ከፌዴራሊዝምና ከሰንደቅ ዓላማ ክርክር ኋላ ተሰልፎ እንዳይረሳ የሚመለከታችሁን ሁሉ እለምናለሁ። ሕግ የምታስተምሩና የምትሟገቱ ወገኖቼ ደግሞ አንድ ነገር አድርጉ። እ.ኤ.አ. የ1995ቱን የዌስተርን ኬፕ ውሳኔ፣ የ1996ቱን የማረጋገጫ ውሳኔ፣ የ2016ቱን የንካንድላ ውሳኔ ወደ አማርኛ፣ ወደ ኦሮምኛ፣ ወደ ትግርኛና ወደ ሌሎች ቋንቋዎቻችን መልሱልን። ሦስቱም ማንም በነፃ የሚያገኛቸው ሰነዶች ናቸው።